ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎልደር፦ የቤት ኔትወርክ ጥገና ማስታወሻ

ያለው ዕቃ

የፋይበር ሞደሙ ሳሎን ውስጥ ነው። ዋይፋዩ መኝታ ቤቶቹ ድረስ ስላልደረሰ ኮሪደሩ ላይ ሌላ ራውተር ተጨምሯል። ሰነዱም፣ ፎቶውም፣ ቪዲዮውም የሚቀመጠው ዊንዶውስ 10 ፕሮ በተጫነበት ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለው፣ ከሞደሙ ጋር የተገናኘው በ15 ሜትር ኬብል ነው። ከእሱ ሌላ ሁለት ላፕቶፖች አሉ፤ አንዱ ላይ ዊንዶውስ 11 ፕሮ (እትም 24ኤች2)፣ አሮጌው ላይ ኡቡንቱ 22.04 ተጭኗል። ሁለቱም የሚጠቀሙት የኮሪደሩን ዋይፋይ ነው።

የተፈለገው ዴስክቶፑ ላይ ያለው «ሰነድ» የተባለ ፎልደር ከሁለቱም ላፕቶፖች እንዲከፈትና እንዲጻፍበት ነው። ቅሬታው ብዙ ነው። ዴስክቶፑ ከላፕቶፑ አይታይም። በስሙ ሲፈለግ በ80070035 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ይወጣል። ገባ ሲባል ደግሞ ፓስወርድ ጠይቆ አልቀበልም ይላል። ኮፒ ማድረጉም ይጎተታል።

አንድ ነገር ከመንካታችን በፊት ቅሬታዎቹን ለያየን። «አይታይም»፣ «አይደረስበትም»፣ «አይቀበለኝም»፣ «አይከፈትልኝም» እና «ይዘገያል» አምስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መንስኤያቸውም መፍትሔያቸውም አይገናኝም። የቤት ኔትወርክ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው በመስጠት ነው። ዴስክቶፑን ስናገኘው ፋየርዎሉ ጠፍቷል፣ ኤስኤምቢ የተባለው የዊንዶውስ ፋይል ሼሪንግ ቋንቋ ጥንታዊ እትም፣ ኤስኤምቢ 1፣ በርቷል፣ ፓስወርድ የሚጠይቀው ሼሪንግ ተዘግቷል፤ ፎልደሩ ግን አሁንም አይከፈትም። ሁሉንም ወደነበሩበት መልሰን ከታች ጀመርን።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00፦ አድራሻ

በዊንዶውሶቹ ላይ «አይፒኮንፊግ»፣ በኡቡንቱው ላይ «አይፒ አድር» ብለን የእያንዳንዱን አድራሻ ወረቀት ላይ ጻፍን። ዴስክቶፑ 192.168.100.12፣ ላፕቶፖቹ 192.168.0.103 እና 192.168.0.105። ሦስተኛው ቁጥር 100 እና 0 ሆኖ ተለያይቷል። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ኔትወርክ ሳይሆን ሁለት ነው። የኮሪደሩ ራውተር ከሞደሙ የመጣውን ኬብል በዋን ፖርቱ (በኢንተርኔት መግቢያው) ተቀብሎ የራሱን አድራሻ እያደለ ነው።

ይህ አቀማመጥ ሰውን የሚያሳስተው ግማሹን ስለሚያሠራ ነው። ኢንተርኔት በሁሉም ላይ አለ። ላፕቶፑም በራውተሩ በኩል ወደ ዴስክቶፑ መውጣት ይችላል። ዴስክቶፑ ግን ወደ ላፕቶፑ መግባት አይችልም፤ ከውስጥ ብቻ እንደሚከፈት በር ነው። ኮምፒውተሮች «እዚህ ነኝ» እያሉ የሚልኩት የአዋጅ መልእክትም ራውተሩን አያልፍም። አንዱ በአድራሻ ሲከፍት ሌላው በስም አጣሁት የሚለው በዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው የኮሪደሩን ራውተር አክሰስ ፖይንት ማድረግ ነው፤ ማለትም የራሱን አድራሻ ሳያድል የሞደሙን ኔትወርክ ብቻ እንዲያስተላልፍ። ሴቲንጉ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን መርጦ ማስነሳት ይበቃል። ይኼኛው ስለሌለው በእጅ ሠራነው። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤

መጀመሪያ ከዋን ፖርቱ ኬብሉን ነቀልነው። ካልተነቀለ ራውተሩ ከሞደሙ ጋር አንድ ዓይነት አድራሻ ሲሰጠው ግጭት አለ ብሎ እምቢ ይላል፣ ወይም በራሱ ወደ ሌላ ቁጥር ይቀይረዋል። ቀጥሎ ላፕቶፑን በአጭር ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተን የራውተሩን የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻ ወደ 192.168.100.2 ለወጥን። ራውተሩ ሲነሳ በአዲሱ አድራሻ ገብተን አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጠፋን። በመጨረሻ ከሞደሙ የመጣውን ኬብል ወደ ዋን ሳይሆን ወደ አንዱ የላን ፖርት ሰካነው።

ሞደሙ ላይ የዲኤችሲፒውን ክልል ከ192.168.100.50 እስከ 192.168.100.200 አጠበብነው፤ እንዲህ ካልተደረገ አንድ ቀን 192.168.100.2ን ለሆነ ስልክ ሊሰጠው ይችላል። የዴስክቶፑን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) አስገብተንም 192.168.100.60 ሁልጊዜ ለእሱ እንዲያዝ አደረግን። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤት ይህ የግድ ነው። ዕቃዎቹ የሚነሱበት ተራ በተለዋወጠ ቁጥር አድራሻ ሊቀያየር ይችላል፤ ትናንት የሠራው መንገድ ዛሬ ባዶ ይሆናል።

እግረ መንገዳችንን የሁለቱንም ዋይፋይ ሴቲንግ አየን። «ኤፒ አይሶሌሽን» ወይም «ክላየንት አይሶሌሽን» የሚል ነገር በርቶ ከሆነ በዋይፋይ የገቡት ዕቃዎች ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። የእንግዳ ዋይፋይም ያው ነው። እዚህ ቤት ሁለቱም ጠፍተው ነበር።

4፡30፦ ፖርት

ወደ ዴስክቶፑ የላክነው ፒንግ («አለህ ወይ» የሚል የሙከራ መልእክት) አልመለሰም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኬብል መቀየር ይጀምራል፤ አያስፈልግም። ከፒንጉ ወዲያው «አርፕ» የሚለውን ትእዛዝ ስንሰጥ ከ192.168.100.60 ትይዩ የዴስክቶፑ ማክ አድራሻ ወጣ። ማክ አድራሻው ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ዴስክቶፑም በሕይወት አለ፤ ዝም ያሰኘው ፋየርዎል ነው። ባይወጣ ኖሮ ኬብሉን ወይም አይሶሌሽኑን እንጠረጥር ነበር።

ወሳኙ ፈተና ግን ፒንግ አይደለም። ፋይል ሼሪንግ የሚሠራው በቲሲፒ ፖርት 445፣ ማለትም ለእሱ በተመደበው የግንኙነት በር ነው። በፓወርሼል «ቴስት-ኔትኮኔክሽን» ብለን አድራሻውንና ፖርት 445ን ስንሰጠው ውጤቱ «ፎልስ» ሆነ። ዴስክቶፑን ስናይ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዊንዶውስ ፐብሊክ የተባለን ኔትወርክ እንደ ካፌ ዋይፋይ ስለሚቆጥረው ሼሪንጉን ይዘጋል። ወደ «ፕራይቬት» ቀይረን፣ በአድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ዲስከቨሪንና ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግን ለፕራይቬት ብቻ አበራን። 445 «ትሩ» ሆነ። ፋየርዎሉ እንደበራ ነው።

ላፕቶፑም ላይ አንዴ መፈተሽ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ኔትወርክን ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ የጌትዌዩ (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው ዕቃ) ማክ አድራሻ ነው። ራውተሩን አክሰስ ፖይንት ስናደርገው ጌትዌዩ ሞደሙ ሆነ፤ ላፕቶፑም አዲስ ቤት የገባ መስሎት እንደገና ፐብሊክ ብሎት ነበር።

ፕራይቬት ተደርጎም 445 ካልተከፈተ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ፣ እና የቤቱን ኔትወርክ ጭምር የሚቆልፍ ቪፒኤን። ቪፒኤኑን ዘግቶ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

5፡15፦ «አይታይም»

አሁን በፋይል ኤክስፕሎረር ላይ \\192.168.100.60 ብለን ስንጽፍ የፓስወርድ መጠየቂያው መጣ። ግራ በኩል ባለው የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ግን ዴስክቶፑ አሁንም የለም። ይህ በእኛ ግምት ጥፋት ተብሎ መቆጠር የለበትም፤ ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንጂ መንገዱ ራሱ አይደለም።

ድሮ ዝርዝሩ የሚሞላው ከኤስኤምቢ 1 ጋር በተያያዘ አሠራር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1709 ጀምሮ ግን ኤስኤምቢ 1 በአዲስ ጭነት ላይ አብሮ አይመጣም፤ የቤት ኮምፒውተሮችን ለሼሪንግ በቡድን ያገናኝ የነበረው ሆምግሩፕም በ2018 በእትም 1803 ላይ ተነሥቷል። አሁን ኮምፒውተሮች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በዩዲፒ 3702 እና በቲሲፒ 5357 ነው፤ ሥራውን የሚሠራው «ፋንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን» የተባለ ሰርቪስ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ሰርቪሱ ቆሞ ነበር። አስነሥተን «አውቶማቲክ ዲሌይድ ስታርት» ላይ አደረግነው፤ ዴስክቶፑ በዝርዝሩ ላይ ወጣ።

ኤስኤምቢ 1ን አብሩት የሚለው ምክር እስከ ዛሬ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ አሮጌ በር ነው፤ ማይክሮሶፍት መዝጊያውን ያወጣው በመጋቢት ነበር፣ ያልጫነው ግን ብዙ ነበር። አንድ ስም ዝርዝር ላይ እንዲታይ ብሎ ያንን በር መክፈት ዋጋው አይመጣጠንም።

ከሰዓት 8፡00፦ ፓስወርድ

ስህተት 1326፤ ስም ወይም ፓስወርድ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ዴስክቶፑ የሚከፈተው በማይክሮሶፍት አካውንት ሆኖ በየቀኑ የሚገባው ባለአራት አሃዝ ፒን ነው። ፒን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አይሻገርም። የሚፈለገው የአካውንቱ ዋና ፓስወርድ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያስታውሰው የለም። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም አይሠራም፤ ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ ያለውን ሰው ከኪቦርዱ ፊት ካልተቀመጠ አያስገባም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ከመታገል ለሼሪንግ ብቻ የሚያገለግል ሎካል አካውንት ዴስክቶፑ ላይ መክፈት ይሻላል። አድሚኒስትሬተር ሆኖ በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት «ኔት ዩዘር» ብሎ ስሙን፣ ፓስወርዱን፣ በመጨረሻም /አድ መጨመር ነው። አድሚን አይሁን። ስሙ አጭር፣ በላቲን ትንንሽ ፊደል ይሁን። ከላፕቶፑ ሲገባም ከስሙ በፊት የዴስክቶፑ ስምና ወደ ግራ ያዘነበለው ሰረዝ ይቀድማል፤ ያለዚያ ላፕቶፑ የራሱን ስም ሊያስቀድምበት ይችላል።

አማርኛ ኪቦርድ በተጫነበት ማሽን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የፓስወርዱ ሳጥን ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቀረ አይታወቅም፤ የሚገባው ፊደል ሌላ፣ የታሰበው ሌላ ነው። የዓይኗን ምልክት ተጭኖ ማየት፣ ወይም ፓስወርዱን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ጽፎ ማረጋገጥ ነው።

ትክክለኛውን ስም ስናስገባ ደግሞ ስህተት 1219 መጣ። ይህ የፓስወርድ ችግር አይደለም። ዊንዶውስ ለአንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ በሁለት ስም መግባት አይፈቅድም፤ ቀድሞ የተሞከረው ስም ገና አልወጣም። «ኔት ዩዝ * /ዲሊት» ብለን የቆዩትን ግንኙነቶች አጠፋን፣ ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ ፓስወርድም ሰረዝን፣ ከዚያ ሳይን አውት ብለን ስንመለስ ገባ።

ኮሪደሩ ራውተር ጀርባ ላይ በዩኤስቢ የተሰካ ኤክስተርናል ዲስክም ነበር፤ እሱ ከዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ፈጽሞ አይከፈትም። መንስኤው ይታወቃል። 24ኤች2 በፕሮ እትሙ ላይ የኤስኤምቢ ፊርማ (መልእክቱ በመንገድ እንዳልተነካ ማረጋገጫ) ይጠይቃል፣ ያለ ፓስወርድ በእንግዳነት መግባትንም ይከለክላል። የርካሽ ራውተሮች የዩኤስቢ ሼሪንግ ሁለቱንም የማያሟላ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ላይ ጥበቃውን በፓወርሼል ማላላት ይቻላል፤ ግን የአንድ ራውተርን ድክመት ለማካካስ ላፕቶፑን በየሄደበት ማጋለጥ ነው። ዲስኩን ነቅለን ዴስክቶፑ ላይ ሰካነው።

9፡30፦ ፈቃድ

«ሰነድ» ተከፈተ። ውስጡ ካሉት ፎልደሮች አንዳንዶቹ ግን «አክሰስ ዲናይድ» ይላሉ።

ዊንዶውስ ላይ ፈቃድ በሁለት ቦታ ይሰጣል፤ በሼሪንግ ታብ እና በሴኩሪቲ ታብ። በኔትወርክ የሚገባ ሰው ሁለቱንም ያልፋል፣ የሚጸናውም ጠበቅ ያለው ነው። የሼሪንጉን ሰፊ አድርጎ ቁጥጥሩን በሴኩሪቲ ታብ ብቻ መያዝ በኋላ ግራ ከመጋባት ያድናል። በሼሪንጉ በኩል ለኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል፣ በሴኩሪቲው በኩል ለአዲሱ አካውንት «ሞዲፋይ» ሰጠን።

ያም ሆኖ የተወሰኑ ፎልደሮች እምቢ አሉ። ሁሉም ከዴስክቶፑ ገጽ ላይ በከት ፔስት የመጡ ናቸው። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ኮፒ የተደረገ ፋይል የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል፤ ተቆርጦ የተዛወረ ግን የድሮ ፈቃዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም፣ ባለቤቱም ሁሉም ስለሚከፈትለት አያውቅም። «አይካክልስ» የሚለውን ትእዛዝ በ«ሰነድ» ውስጥ ባለው ሁሉ ላይ በ/ሪሴት እና በ/ቲ ስናስኬደው ፈቃዱ ከላይኛው ፎልደር እንዲወረስ ሆነ። ይህን ትእዛዝ በሲ ድራይቭ ሥር ላይ የሚሰጥ ሰው ዊንዶውሱን እንደገና ለመጫን ይዘጋጅ።

የሴኩሪቲ ታብ ጭራሽ ከሌለ የዲስኩ ፎርማት ፈቃድ የማይመዘግበው ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው። ከራውተሩ የነቀልነው ፋት32 ነበር፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ሲቀዳበት «ፋይሉ ትልቅ ነው» ያለው እሱ እንጂ ኔትወርኩ አልነበረም። ያለውን ገልብጠን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አደረግነው።

እሁድ፣ ጠዋት 3፡30፦ ኡቡንቱ

ከኡቡንቱ ወደ ዴስክቶፑ መግባቱ ቀላል ነበር፤ በፋይል ማስሻው «አዘር ሎኬሽንስ» ላይ የዴስክቶፑን አድራሻ ሰጥቶ በአዲሱ አካውንት መግባት ነው። የኡቡንቱውን ፎልደር ከዊንዶውስ መክፈቱ ግን ሦስት ቦታ ላይ ተያዘ።

ሳምባ (ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ሼሪንግን የሚሠራው ፕሮግራም) የራሱ የፓስወርድ መዝገብ አለው፤ የሊኑክሱን ፓስወርድ አይጠቀምም። «ኤስኤምቢፓስውድ» በሚለው ትእዛዝ ላይ -ኤ ጨምሮ ተጠቃሚውን ማስመዝገብ ያስፈልጋል፣ ተጠቃሚውም ቀድሞ ሊኑክሱ ላይ መኖር አለበት።

ሁለተኛው፣ ሼር የተደረገው በባለቤቱ ሆም ፎልደር ውስጥ ነበር። ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ የሆም ፎልደር ፈቃድ 750 (ለባለቤቱና ለቡድኑ ብቻ ክፍት) ነው፤ ሌላ ተጠቃሚ የውስጡ ፎልደር 777 (ለሁሉም ክፍት) ቢሆን እንኳ በሩን አያልፍም። ፎልደሩን ከሆም ውጭ ወዳለው /ኤስአርቪ አወጣነው። ከዊንዶውስ ዝርዝር ላይ እንዲታይ ደግሞ «ደብሊውኤስዲዲ» የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫንን።

ሦስተኛውን በአማርኛ የሚሠራ ሰው ልብ ይበለው። ኮፒ ሲደረግ የተወሰኑ ፋይሎች ብቻ ይቀራሉ፤ የቀሩት ሁሉ ስማቸው ረጅም ነው። ዊንዶውስ በኤንቲኤፍኤስ ላይ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። የሊኑክሱ ኤክስት4 ግን 255 ባይት ነው የሚፈቅደው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ለአማርኛ ስም ጣሪያው 85 ፊደል ነው ማለት ነው፣ ክፍት ቦታውና የፋይሉ ዓይነት ቅጥያ ትንሽ ቢቀንሱትም። የስብሰባ ቃለ ጉባኤን ሙሉ ርዕስ ከነቀኑ የፋይል ስም የሚያደርግ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። ስሞቹን አሳጥረን ጨረስን።

5፡30፦ ፍጥነት

ላፕቶፑን በኬብል ከኮሪደሩ ራውተር ጋር አገናኝተን አንድ ትልቅ ቪዲዮ ቀዳን። 11 ሜጋባይት በሰከንድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ወይ ፍንክች። ይህ ቁጥር ራሱ መልስ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ ከጊጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል (8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 11 ሜጋባይት ለ100 ሜጋቢት ጣሪያ ቅርብ ነው)። በዚህ ፍጥነት 100 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በጊጋቢት ሩብ ሰዓት።

ሞደሙ ጀርባ ላይ ካሉት ፖርቶች ጊጋቢቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ዴስክቶፑ የተሰካው ከሌሎቹ በአንዱ ነበር። የኮሪደሩ ራውተር ፖርቶች ሁሉ ጊጋቢት ስለሆኑ የዴስክቶፑን ኬብል ወደ እሱ አዛወርን፤ ከዚህ በኋላ በኮምፒውተሮቹ መካከል የሚሄደው ፋይል ሞደሙን አይነካም። ዴስክቶፑ ግን አሁንም «ሊንክ ስፒድ 100» ይላል።

ቀጥሎ ኬብሉ። 100 ሜጋቢት የሚሠራው በሁለት ጥንድ ሽቦ ነው፣ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ከማይጠቀምባቸው ሁለት ጥንዶች አንዱ ቢበጠስ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ አይቋረጥም፤ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። የጫፉን ፕላግ ብርሃን ላይ ስናየው ቡናማው ሽቦ ከፕላግ ጥርሱ ሳይደርስ ተቆርጧል። ቆርጠን በአዲስ ፕላግ እንደገና ክሪምፕ አደረግነው (በመቆንጠጫ አሰርነው)፤ ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ፣ የፕላጉ መያዣ ምላስ ወደ ታች ሆኖ። ሊንኩ 1000 ሆነ፣ ኮፒውም ከ100 ሜጋባይት በላይ ወጣ።

በዋይፋይ ያን ያህል ፍጥነት አይጠበቅም። ላፕቶፑን ከ2.4 ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማሸጋገሩ ግን ወዲያው ይታወቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎች በየትኛውም መስመር ይዘገያሉ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል መክፈትና መዝጋት አለበት።

ለትልቅ ኮፒ በማውስ ከመጎተት ይልቅ «ሮቦኮፒ» የተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ይሻላል፤ ከነ/ዜድ ከተሰጠ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። የድግግሞሹን ቁጥር ግን በእጅ መስጠት ያስፈልጋል። ካልተሰጠው አንድ ያልተከፈተ ፋይልን በየ30 ሰከንዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ ሰው ደግሞ ተሰቀለ ይለዋል። /አር፡2 (ሁለት ሙከራ) እና /ደብሊው፡5 (በመካከሉ 5 ሰከንድ) ይበቃሉ።

9፡00፦ መብራት

ዴስክቶፑ ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ አደረግን፣ ስሊፑን አጠፋን፣ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥም ኃይል ለመቆጠብ የኔትወርክ ካርዱን እንዳያጠፋ ምልክቱን አነሣን። ፎልደሩ ላፕቶፑ ላይ ዜድ ድራይቭ ተብሎ ተያይዟል።

ከዚያ የቤቱን ዋና ማብሪያ አውርደን መልሰን ከፈትን። ዴስክቶፑ ተነሣ፣ አድራሻው 192.168.100.60 ነው። ባትሪ ላይ የቆየው ላፕቶፕ ዜድ ድራይቭ ላይ ቀይ ኤክስ አሳየ፣ አንዴ ክሊክ ሲደረግ ተከፈተ። የኢንተርኔቱን ፋይበር ነቅለንም ሞከርን፤ ፋይሉ ያለችግር ይቀዳል፣ ሼሪንጉ የሚፈልገው የሞደሙንና የራውተሩን መብራት እንጂ ኢንተርኔት አይደለም።

ያልተነካ፦ ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልከው አሮጌ ፕሪንተር የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው፤ ወደ ፍላሽ እንዲቀዳ ተደርጓል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ ዴስክቶፑ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ፣ ቲፒኤም 2.0፣ እንዳለው ታይቶ ወደ 11 ይሻገራል፤ ያኔ ኔትወርኩ ፕራይቬት ሆኖ መቆየቱና የፋንክሽን ዲስከቨሪው ሰርቪስ መነሣቱ እንደገና ይፈተሻል።